ውርጭና ሞተር፦ የመኪና ጥገና ታሪክ በደጋው አገር

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች እንጅባራ ላይ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጽሑፍ የተዘጋጀ)



ንግግሬን በአንድ የጥር ማለዳ ልጀምር። ዘመኑ 1970ዎቹ ነው፤ ገና ልጅ ነበርሁ። ከአባቴ ጋር ወደ ባሕር ዳር ልንሄድ አውቶቡሱ ካደረበት ቦታ ጋቢ ተከናንበን ቆመናል። ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ሾፌሩ ገና አልመጣም፤ ረዳቱ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። አውቶቡሱ ማታውኑ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ቆሟል። ረዳቱ በኮፈኑ ላይ ያደረውን ጆንያ አነሣ፤ ከሻይ ቤት በጄሪካን ያመጣውን ለብ ያለ ውኃ ወደ ራዲያተሩ ጨመረ፤ የባትሪውን ማሰሪያዎች ጠበቅ ጠበቅ አደረገ። ሾፌሩ መጥቶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ሁለት ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ። በሦስተኛው ወንዶቹ ሁሉ ከኋላ ገፉት፤ በቁልቁለቱ ተንደርድሮ በነጭ ጭስ ውስጥ ተነሣ። አባቴን፣ «ረዳቱ ለምን ከሾፌሩ ቀድሞ ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መኪናም እንደ በቅሎ ነው ልጄ፤ አዳሩን የሚያውቅለት ሰው ይፈልጋል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የታሪክ ተማሪ፣ ቀጥሎም የታሪክ መምህር ሆኛለሁ። ወደ አገራችን ስለገባው የመጀመሪያ መኪና፣ መኪና ስለነዱ ነገሥታትና መኳንንት፣ ስለተመረቁ መንገዶችና ድልድዮች ብዙ አንብቤያለሁ። ያንን ረዳት ግን በአንዱም ገጽ ላይ አላገኘሁትም። የዛሬው ንግግሬ እርሱን ፍለጋ ነው። የማቀርበው ሐሳብም አንድ ነው፦ የመኪና ታሪካችን እስካሁን መኪናው እንዴት እንደመጣ የሚተርክ ታሪክ ሆኖ ተጽፏል፤ መኪናው እንዴት ሲሠራ እንደቆየ የሚተርክ ታሪክ ግን ገና አልተጻፈም። በእኛ በደጋው አገር ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ከሠሩት ኃይሎች አንዱ ብርድ ነው።

፩. «ክረምት» የሚለው ቃል ያመጣው ስሕተት

በመጀመሪያ አንድ ቃል ማጥራት ይኖርብናል። ከውጭ የመጡ የመኪና መመሪያዎች መኪናን ለቅዝቃዜው ወቅት ስለማዘጋጀት ምዕራፍ አላቸው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያ ወቅት በረዶ ምድሩን የሚሸፍንበት ነው። እኛ ስንተረጉመው «ክረምት» እንላለን። ነገር ግን የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው፤ ደመናው ሌሊቱን እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው ያን ያህል ውርጭ የለውም። ውርጩ የሚወርደው በበጋው፣ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ ነው። ምድሩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠራው ሰማይ ይለቅቃል፤ ንጋት ላይ ሣሩ ይነጣል። ስለዚህ መመሪያውን ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ሾፌሩን ከእውነተኛው ብርድ አምስት ወር ያህል ቀድሞ ያስጠነቅቀዋል፤ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ «በጋ ነው» ብሎ ያሳርፈዋል።

ልዩነቱ በወር ብቻ አይደለም። በሰሜኑ ዓለም ቅዝቃዜው በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ከመጣም ለወራት ይቆያል። በሐሩር ክልል ደጋ ግን በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት፣ በወራት መካከል ካለው አማካይ ልዩነት ይበልጣል። ቅዝቃዜው በየሌሊቱ ይመጣል፤ በየቀኑ ረፋድ ላይ ይሄዳል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,560 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ማለዳ ከዚህ ከሰል ወይም ድንች ጭኖ የሚነሣ የጭነት መኪና በውርጭ ተነሥቶ፣ ዓባይ በረሃ ሲደርስ በቆላ ሙቀት ይቃጠላል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ደጋ ይወጣል። ከቻግኒ በኩል ለሚመጣውም ነገሩ እንደዚያው ነው። ሰሜናዊው መኪና በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያገኘውን ለውጥ የእኛው መኪና በአንድ ቀን ውስጥ ያገኘዋል።

፪. ከበቅሎ ወደ መኪና

ይህን አገር በቅድሚያ ያወቁት መጓጓዣዎች እግርና ሰኮና ነበሩ። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ላይ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የጣና ሐይቅንና የዓባይን ሸለቆ መርምሮ ካርታ ያነሣው በበቅሎ እየተጓዘ ነው። በአዲስ አበባ ግን መኪና ከታየ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ «ሲድሊ» የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል፤ የሚያልቀው ግን መኪናዋ ቤተ መንግሥት ስትደርስ ነው። በማግሥቱ ማን አስነሣት? ጎማዋን ማን ለጠፈ? ተራኪዎቹ ይህን አይጠይቁም።

ብርድና ከፍታ መጓጓዣን እንዴት እንደሚፈትኑ በግልጽ ያሳየው በዚሁ በአካባቢያችን የሆነ ታሪክ ነው። በጥር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ አብሯቸው የዘመተው የጌዲዮን ኃይል ስንቅና ጥይቱን ያስጫነው በግመል ነበር። የተሰበሰቡት ግመሎች ወደ 15,000 ይጠጉ እንደነበር ይነገራል። ለቆላ የተፈጠረው እንስሳ ዳገቱን ሲወጣ ድካሙ፣ የመኖ እጦቱና የደጋው ብርድ ተባብረው ፈጁት፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም አለቁ። ወደ በላያ ተራራ እንዲሄዱ የታሰቡት የጭነት መኪኖችም መንገድ በሌለበት በየጉድባው እየተሰናከሉ ቀሩ። የጣሊያን ጦር በየካቲት ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሲወጣ ግን የሠራው መንገድ በስፍራው ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት በመኪና ነው። ከዚህ የምንማረው መጓጓዣ በራሱ ብርቱ ወይም ደካማ እንዳልሆነ ነው። ብርታቱ ከስፍራው ጋር በመስማማቱና ስፍራውን የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ በመኖሩ ይለካል።

መንገዱም ቢሆን ጠባቂ ካላገኘ ይሞታል። ጣሊያኖች የሠሯቸው መንገዶች በአሥር ዓመት ውስጥ ፈራርሰው ነበር። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአውራ ጎዳና የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር የፈቀደውና የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በዋናነት አዲስ መንገድ ለመሥራት አልነበረም፤ ያለውን ለማደስና ለመጠገን ነበር። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የመንገዱ ጥገና ተቋም፣ በጀትና መዝገብ ማግኘቱን ነው። የመኪናው ጥገና ግን በረዳቱ፣ በመካኒኩና በሾፌሩ ትከሻ ላይ ቀረ፤ መዝገብም አላገኘም።

፫. የመካኒክ ቋንቋ እንደ ታሪክ መዝገብ

መዝገብ የለም ማለት ግን ማስረጃ የለም ማለት አይደለም። ወደ አንድ ጋራዥ ሂዱና አዳምጡ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ፣ ክሪክ፣ ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ናፍጣ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ሾፌር» እና «ጋራዥ» ደግሞ ከፈረንሳይኛ መጥተዋል። ቃላቱ የመጡበትን በር ይነግሩናል። ፈረንሳይኛው በጅቡቲ የባቡር መስመር በኩል ከመጣው ሥልጣኔ ጋር ይዛመዳል፤ በርሱ የተጠራው ሰውየውና ቤቱ ነው። ጣሊያንኛው ከወረራው ዘመን የጭነት መኪኖችና ከአሥመራ ጋራዦች ጋር ይዛመዳል፤ በርሱ የተጠራው የሞተሩ ብልት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር መገመት እንችላለን፦ ሕዝባችን መኪናን በስሙ ያወቀው ሲጓዝበት ቢሆንም፣ በብልቱ ያወቀው ሲፈታውና ሲገጥመው ነው።

ከእነዚህ ቃላት ሁለቱ ለዛሬው ርእሳችን የቀረቡ ናቸው። አንዱ «ማኖቤላ» ነው፤ ሞተሩን ከፊት በክንድ ኃይል የሚያዞረው የብረት እጀታ። ብርዱ ባትሪውን ሲያደክም የቀድሞ ረዳቶች የሚመኩት በርሱ ነበር። ማኖቤላ ወደ ኋላ ሲመታ የእጅ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ አያያዙ፣ የአውራ ጣት አቀማመጡ ሳይቀር፣ ከረዳት ወደ ረዳት የሚተላለፍ ትምህርት ነበር። ሁለተኛው «ካንዴሌታ» ነው፤ የናፍጣ ሞተር ከመነሣቱ በፊት የሚቃጠልበትን ክፍል የምታሞቅ ትንሽ መሣሪያ። «ካንዴሌታው እስኪግል ጠብቅ» የሚለው ምክር ትዕግሥትን የሚያስተምር የሙያ ሕግ ነው።

የናፍጣ ሞተር ራሱ ከወረራው ዘመን ጋር በስፋት ታወቀ። ሽማግሌዎቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት ፊያት 634 በናፍጣ ከሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ ትላልቅ የጣሊያን የጭነት መኪኖች አንዱ ነበር። ከርሱ በኋላ «ኤንትሬ» ተተካ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም የአገራችንን ዳገት ወጣ። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በእሳት ብልጭታ አይደለም፤ አየርን አፍኖ በማጋል ነው። ለዚህ ሞተር ደግሞ ቀዝቃዛና ስስ አየር ሁለቱም ጠላቶቹ ናቸው።

፬. በሌሊቱና በቀኑ መካከል

በእኛ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ አፍኖ የሚያግለው አየር በመጠን ያንሳል፤ ማለዳ ላይ ደግሞ ከመነሻው ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ያ በልጅነቴ ያየሁት ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነበር። ዘይቱም በብርድ ይወፍራል፤ ሞተሩን ለማዞር የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱን የሚሰጠው ባትሪ ደግሞ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ብርዱ በአንድ በኩል ሸክሙን ያከብዳል፤ በሌላ በኩል ተሸካሚውን ያደክማል። መኪናን ወደ ቁልቁለት አዙሮ ማሳደር ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው፤ ባትሪው ያጣውን ጉልበት ከምድሩ ስበት መበደር ማለት ነውና።

ረፋድ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በእንጅባራ ከፍታ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊትን አፍኖ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል፤ ክዳኑ ከላላ ግን ያ ጥቅም ይጠፋል። ስለዚህ ንጋት ላይ በብርድ አልነሣም ያለው ያው ሞተር ከቀትር በኋላ ዳገት ላይ ይፈላል። ኩላንት በሌላው ዓለም የሚታወቀው ውኃ በረዶ እንዳይሆን በመከላከሉ ነው፤ ለእኛ ግን ትልቁ ጥቅሙ ከመፍላትና ከዝገት መጠበቁ ነው። በዘይት ጣሳ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የምትታየው «ደብልዩ» የምትባል ፊደልም ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስስ የምታመለክት ናት። ስንቶቻችን ነን ይህን ፊደል አንብበን ዘይት የምንገዛው?

እዚህ ላይ የታሪክ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ያለፈውን ሁሉ ማሞገስ ታሪክ አይሆንም፤ ልማድም ሁሉ ዕውቀት አይደለም። ከሞተሩ ሥር የሣር እሳት ማንደድ መኪና አቃጥሏል። የፈላ ውኃ በቀዘቀዘ ሞተር ላይ፣ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ሞተር ላይ ማፍሰስ ቴስታታ ይሰነጥቃል። እኔም ወጣት መምህር ሳለሁ የተሳፈርሁበት መኪና የዓባይን ዳገት ስንወጣ ፈላና፣ የቸኮለ ሰው የምንጭ ውኃ አፈሰሰበት። አንድ ደረቅ ድምፅ ሰማን፤ ሌሊቱንም እዚያው አደርን። ያን ለብ ያለ ውኃ በጄሪካን ያመጣውን ረዳት ያስታወስሁት ያን ሌሊት ነው። ውኃው የፈላም የቀዘቀዘም አልነበረም። ያንን መጠን ያስተማረው መጽሐፍ አልነበረም፤ ከርሱ በፊት የተሰነጠቁ ሞተሮች ናቸው ያስተማሩት።

፭. ሌላው ዓለም ብርዱን በምን ተሸከመው?

የእኛን ታሪክ ከሌላው ጋር ስናነጻጽር መልኩ ይበልጥ ይጠራል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ሲደርሱ ከፊታቸው የጠበቃቸው ክረምት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድ ነበር። ዛሬ ደግሞ በካናዳ በኤድመንተንና በካልጋሪ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያንን ብርድ በየዓመቱ ያውቁታል። በዚያ አገር ከመኪኖች አፍንጫ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ይታያል። ማታ ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት ይሰኩታል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ያድራል። የዚህ ዓይነት የሞተር ማሞቂያ በ1949 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው አንድሩ ፍሪማን የተባለ የሰሜን ዳኮታ ሰው ነው። በኪቤክ ክፍለ ሀገር ደግሞ በበረዶው ወራት የበረዶ ጎማ ማሰር በሕግ ግዴታ ነው።

ልብ በሉ፤ በዚያ ብርዱን የተሸከመው ተቋም ነው፤ ሶኬቱን የሠራ ማዘጋጃ ቤት፣ ጎማውን ያዘዘ ሕግ፣ ዘይቱን የለየ ፋብሪካ። ሾፌሩ ስለ ብርዱ ብዙ ባያውቅም መኪናው ይነሣል። በእኛ አገር ብርዱን የተሸከመው ሰው ነው። የሰው ዕውቀት ከተቋም ዕውቀት ያንሳል ማለቴ አይደለም። ችግሩ ሰውየው ሲያልፍ ዕውቀቱም አብሮት ማለፉ ነው።

፮. ፈረስ ማኅበር አለው

ወደ ማጠቃለያዬ ስመጣ ወደዚህች ከተማ ልመለስ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ ማለትም በውርጩ ወቅት፣ እንጅባራ በፈረሶች ትሞላለች። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዓድዋና በፀረ ፋሺስት ተጋድሎው ፈረስ የዋለውን ውለታ ይዘክራል። በዚህ በዓል ምክንያት የፈረስ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ጌጡ፣ ግልቢያው፣ የፈረሱ ስም ሳይቀር። ፈረስ ማኅበር አለው፤ መታሰቢያ አለው፤ ባለሙያዎቹ ይታወቃሉ።

መኪናን በዚህ ብርድ ለሰባና ለሰማንያ ዓመት ያቆየው ሰው ግን ማኅበርም መታሰቢያም የለውም። ጊዜውም እየጠበበ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ነው። ለደጋችን ይህ በብዙ መልኩ መልካም ዜና ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያፍንም፤ ስለዚህ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬኑ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ነገር ግን ብርዱ አልተሻረም። የሊቲየም ባትሪም በብርድ ይደክማል፤ በውርጭ ማለዳ ኃይል የመቀበል አቅሙ ይቀንሳል። ማታ ደጋ ላይ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ የነበረ ባትሪ፣ ጠዋት ዓባይን ሲወርድ ከፍሬኑ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም። መቼ ይሞላ? የት ይደር? ስንት ይሞላ? እነዚህ ጥያቄዎች ያ ረዳት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይመልሳቸው ከነበሩት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ ጥሪ አለኝ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ አዲስ አበባ ወዳለው ቤተ መዛግብት ከመሮጣችሁ በፊት ወደ መናኸሪያው ውረዱ። ዕድሜያቸው የገፋ ሾፌሮችን፣ ረዳቶችን፣ ጎሚስታዎችንና መካኒኮችን በአማርኛም በአውኚም አነጋግሩ። የመጀመሪያውን መኪና መቼ እንዳዩ ብቻ አትጠይቋቸው፤ በውርጭ ማለዳ እንዴት እንዳስነሡት ጠይቋቸው። መሣሪያዎቹን በስማቸው መዝግቡ፤ ማኖቤላ ያለው ሰው ካገኛችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ጣቱን እንዴት ያስቀምጥ እንደነበር እንዲያሳያችሁ ለምኑት። የሳቱበትንም ጠይቁ፤ የተሰነጠቀ ቴስታታ ታሪክ ካልተጻፈ ለብ ያለው ውኃ ለምን ለብ እንዳለ የሚያስረዳ አይኖርም።

ለምሕንድስና ባልደረቦቼም እንዲሁ። ለዚህ ደጋ የሚስማማ የኤሌክትሪክ መኪና አያያዝ መመሪያ ስታዘጋጁ የሌላውን አገር «ክረምት» ተርጉማችሁ አትስጡን። ኅዳርን፣ ታኅሣሥንና ጥርን፣ ሌሊቱንና ቀትሩን ጻፉልን።

ያ ረዳት ስሙን አላውቀውም፤ ምናልባት አሁን በሕይወት የለም። አባቴ ግን ትክክል ነበሩ፤ መኪናም አዳሩን የሚያውቅለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማን እንደነበረ መጻፍ ደግሞ የእኛ የታሪክ ሰዎች ዕዳ ነው።